የሮማ ፍርስራሽ አስጎብኚዎች አምስተኛውን ካርታ አይዝለሉት

ሮማ ደርሶ የጥንቱን ከተማ ፍርስራሽ ማየት የሚፈልግ ሰው ማለዳ ቢወጣ፣ ያውም ነገሩን ጠንቅቆ ከሚያውቅ አስጎብኚ ጋር ቢወጣ ይሻለዋል። ኮሎሲየምን፣ ፎረምንና የፓላቲንን ኮረብታ አንድ ላይ የያዘው የቅርስ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ12 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ አስተናግዷል። ኮሎሲየም ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ3,000 ሰው በላይ እንዳይገባ ገደብ የተጣለውም ያለ ነገር አይደለም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የሮማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ነበር፤ ፎረም ውስጥ ደግሞ መጠለያ የሚሆን ጥላ እምብዛም አይገኝም። በሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታሉ። በዚያ ሰዓት የገባ ቡድን ቢያንስ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሳይጋፋ ይቆማል፣ የሚነገረውንም ሳይጮኹበት ይሰማል። ከዚህ ሁሉ በላይ ብርሃኑ አለ። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ከጎን ስትመታ ድንጋይ ላይ የተፈለፈለ ፊደል ጥላ ይይዛል፤ እኩለ ቀን ላይ ለጥ ያለ የሚመስለው ግድግዳ የመሮውን ጠባሳ ሳይቀር ያወጣል። ለማለዳ ጉብኝት ከተራው ትኬት በላይ መክፈል ግድ ነው፤ በእኔ ግምት ዋጋውም ይገባዋል።

ጥያቄው ይህ በገንዘብ የተገዛ ጸጥታ ምን ይነገርበታል የሚለው ነው። የተለመደው ጉብኝት ከሮሙሎስና ከሬሙስ ተረት ይነሣል፣ በዩልዮስ ቄሣር መገደል በኩል ያልፋል፣ ስለ ግላዲያተሮች ይተርካል፣ የምዕራቡ የሮማ መንግሥት በወደቀበት በ476 ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን እንደ ባዶ ይታለፋል፤ ፍርስራሹም ጊዜ ብቻ የበላው፣ የሰው እጅ ያልገባበት ሆኖ ይቀርባል። ይህ እውነት አይደለም። ዛሬ ጎብኚው በኮሎሲየምና በፎረሙ ዙሪያ የሚያየው የከተማ መልክ በአመዛኙ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ ነው። የሠራው የሙሶሊኒ ፋሺስት መንግሥት ነው፤ የሠራበት ሐሳብም ኢትዮጵያን ከወረረበት ሐሳብ ጋር አንድ ነው። ዳግማዊ ሮማ ነኝ የሚል መንግሥት በአንድ እጁ የቄሣሮቹን አደባባይ እየቆፈረ በሌላ እጁ አዲስ ግዛት ይፈልግ ነበር። ስለዚህ አስጎብኚው ይህን ሲዘል ታሪክ አሳጠረ አይባልም። ጎብኚው ፊት ለፊቱ የቆመውን ነገር በተሳሳተ ዕድሜ እንዲያነበው ያደርገዋል።

አስጎብኚዎች የተፋቀ ታሪክ ማሳየት አይችሉም እንዳይባል፣ በሚገባ ይችሉበታል። ፎረሙ ውስጥ በካፒቶሊን ኮረብታ ግርጌ በ203 የቆመውን የሴፕቲሚዮስ ሴቬሮስን የድል ቅስት ያዩ ሁሉ የሚሰሙት አንድ ታሪክ አለ። ቅስቱ የተሠራው ንጉሠ ነገሥቱና ሁለቱ ልጆቹ ካራካላና ጌጣ በፓርቲያ ላይ ላገኙት ድል መታሰቢያ ነው። አባትየው በ211 ሞተ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ካራካላ ወንድሙን አስገደለው። ከዚያም የጌጣ ስም ከየሐውልቱና ከየሰነዱ እንዲፋቅ ታዘዘ። ቅስቱ አናት ላይ ያለውን ጽሑፍ ከፎረሙ በኩል፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት ፊት ቀና ብሎ ያየ ሰው አራተኛው መስመር ላይ ድንጋዩ ከሌሎቹ መስመሮች ይልቅ ጎድጎድ ማለቱን ያስተውላል። የጌጣ ስም የነበረበት ቦታ በመሮ ተጠርቦ በምትኩ አባትና ልጅን የሚያሞግስ ቃል ገብቶበታል። የመጀመሪያዎቹን የነሐስ ፊደላት ይዘው የነበሩት የምስማር ቀዳዳዎች ግን አልጠፉም፤ ዛሬ ከሚነበበው ፊደል ጋር አይገጥሙም። ሊቃውንት የጠፋውን ስም መልሰው ያነበቡት በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው። ይህ ድንቅ የማስተማሪያ ድንጋይ ነው፤ ሥልጣን ትናንትን እንደሚያስተካክልና ማስተካከያውም ምልክት እንደሚተው ያለ መጽሐፍ ያሳያል።

እንግዲህ ከዚሁ ቅስት ተነሥቶ ወደ ኮሎሲየም ሲኬድ፣ በፎረሙ ጠርዝ በሚያልፈው ሰፊ ጎዳና ላይ፣ ከማክሴንትዮስ ባዚሊካ በስተጀርባ ባለው የጡብ ግድግዳ አራት ትልልቅ የድንጋይ ካርታዎች ተሰቅለው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1934፣ ሮማ ተመሠረተችበት በሚባለው ዕለት፣ በሙሶሊኒ መንግሥት የተተከሉ ናቸው። የሮማ ይዞታ በነጭ፣ የተቀረው ዓለም በጥቁር ድንጋይ ተሠርቷል። በመጀመሪያው ካርታ ሮማ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ ናት። በሁለተኛው ከካርታጎ ጋር የተደረገው ጦርነት ሲያበቃ የነበረው ይዞታ ይታያል። ሦስተኛው አውግስጦስ ቄሣር ሲሞት፣ አራተኛው በትራጃን ዘመን የነበረውን ስፋት ያሳያል፤ ነጩ እየሰፋ ሄዶ የሜድትራንያንን ባሕር ዙሪያውን ይከባል። ጎብኚዎች ፎቶ ያነሣሉ፤ የጥንቱን ዘመን ለመረዳት የተዘጋጀ አጋዥ ሥዕል ይመስላቸዋል። ነገር ግን ካርታዎቹ አምስት ነበሩ። ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ከፓላሶ ቬኔሲያ ሰገነት ላይ ሆኖ የኢጣሊያን ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት አወጀ፤ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ አምስተኛው ካርታ ከአራቱ ጎን ተሰቀለ። በዚህኛው ላይ ነጩ ቀለም ሊቢያን፣ ኤርትራን፣ ሶማሊያንና ኢትዮጵያን ይሸፍናል። አራቱ ካርታዎች ለብቻቸው ጥንታዊ ታሪክ ይመስላሉ፤ አምስተኛው ሲጨመር ግን የአንድ ወረራ ማረጋገጫ ማኅተም ይሆናሉ። ከጦርነቱ በኋላ አምስተኛው ተነሣ፤ አራቱ ቀሩ። የጌጣን ስም የምታሳይ አስጎብኚ ከዚህ ግድግዳ ፊት ቆማ ስለ ትራጃን ብቻ የምትናገር ከሆነ፣ ከአንድ ሺሕ ሰባት መቶ ዓመት በኋላ የተፋቀውን ሁለተኛ መስመር አላየችውም ማለት ነው።

ጎዳናውም ቢሆን እንደ ካርታዎቹ መነበብ ያለበት ነው። ዛሬ ቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ የሚባለው መንገድ ሲከፈት ስሙ ቪያ ዴል ኢምፔሮ ነበር። ፋሺስቶች ወደ ሮማ የዘመቱበት አሥረኛ ዓመት በተከበረበት በጥቅምት 28 ቀን 1932 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ በፈረስ ሆኖ መረቀው። ከፓላሶ ቬኔሲያ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እስከ ኮሎሲየም የሚደርስ፣ ስፋቱ 30 ሜትር የሆነ የሰልፍ መንገድ ነው። ይህን ለማውጣት ቬሊያ የሚባለው ኮረብታ ተቆረጠ፤ የመካከለኛው ዘመንና የህዳሴ ዘመን ቤቶችና ቤተ ክርስቲያኖች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹ ከከተማው ዳር ርቀው ወደ ተሠሩ ሠፈሮች ተወሰዱ። የቄሣሮቹ አደባባዮች እየተቆፈሩ ወጡ፤ ብዙው ክፍላቸው ወዲያው በአስፋልቱና በመናፈሻው ሥር ተመልሶ ተቀበረ፤ የተፈለገው መንገዱ ለበዓሉ እንዲደርስ ነበርና። ኢጣሊያዊው ጋዜጠኛና የቅርስ ተሟጋች አንቶኒዮ ቼዴርና እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጥፋት አንድ በአንድ ዘርዝሮታል። ኮሎሲየም ዛሬ ከሩቅ እንዲያ ብቻውን ገንኖ መታየቱ የጥንት ሮማውያን ሐሳብ አይደለም። እነርሱ በዚያ መስመር አላዩትም፤ ኮረብታ ይጋርደው ነበር። በየፖስት ካርዱ የምናየው ያ ገጽታ የ1932 ሥራ ነው።

ከኮሎሲየም ፊት ለፊት፣ ከቆስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ፣ የመጀመሪያው መቶ ዘመን ፏፏቴ የነበረ ሜታ ሱዳንስ የሚባል የጡብ ሾጣጣ እስከ 1936 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆሞ ነበር። ሰልፈኛ ሲያልፍ ያውካል ተብሎ ፈረሰ። አስጎብኚ የሮማን ቅርስ ያወደሙ አረመኔዎች ሲል ጎቶችንና ቫንዳሎችን ይጠራል፤ ይህን ፏፏቴ ያፈረሰው ግን በሮማ ስም የሚምል መንግሥት ነው። ሰልፉ ከዚያ በቅስቱ በኩል አልፎ ወደ ደቡብ፣ ያኔ የድል ጎዳና በሚል ትርጉም ቪያ ዴይ ትሪዮንፊ ወደ ተባለው መንገድ ይገባል። የመንገዱን ጫፍ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ሄዶ ማግኘት ይቻላል። እዚያ፣ በፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1930 ዓ.ም. የአክሱም ሐውልት ተመርቆ ቆመ። 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው፣ በርና መስኮት ተቀርጾለት እንደ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የተሠራው ይህ ድንጋይ ከአክሱም እስከ ምፅዋ በየብስ፣ ከዚያ በመርከብ እስከ ናፖሊ ተጉዞ ነው የደረሰው። አዲስ አበባ የየካቲት 12ን እልቂት ካየች ገና ስምንት ወሯ ነበር። ከሐውልቱ ጎን ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ የተጀመረው ግዙፍ ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሰገነቱ፣ ጎዳናው፣ ካርታው፣ የድል መንገዱ፣ በመጨረሻም ሐውልቱ በአንድ የሰልፍ መሥመር ላይ የተሰኩ ናቸው። አራቱን አሳይቶ አምስተኛውን መተው፣ ወይም ሁሉንም እንደ ጥንት ፍርስራሽ ማሳየት፣ ያንን መሥመር መበጠስ ነው።

ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም። ከፖርታ ካፔና አጠገብ በጥንት ዘመን የሠረገላ እሽቅድምድም ይካሄድበት የነበረው ቺርኮ ማሲሞ አለ። አውግስጦስ ግብፅን ድል ካደረገ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10፣ ከግብፅ ያመጣውን ሐውልት በዚያ ሜዳ ተከለ። በ357 ደግሞ ዳግማዊ ቆንስጣንዮስ ከዚያ የሚበልጥ፣ ከቴብስ የመጣ 32 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሐውልት ጨመረበት፤ ዛሬ ይህ ሐውልት በላተራኖ አደባባይ ይገኛል። ፋሺስቶቹ የአክሱምን ሐውልት እዚያ ሲያቆሙ ይህንን ልማድ እየጠቀሱ ነበር። እዚህ ላይ ግን ጥሩ አስጎብኚ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ሊያወሳ ይችላል፤ ሲያወሱት አለመሰማቱ የሚያስቆጭ ነው። ይኸው ዳግማዊ ቆንስጣንዮስ ያንን የግብፅ ሐውልት በተከለባቸው ዓመታት ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል። ጳጳሱን ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸውን፣ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲልኩለት ይጠይቃል። ደብዳቤውን ያቆየልን ቅዱስ አትናቴዎስ ለዚያው ንጉሠ ነገሥት በጻፈው መከላከያ ውስጥ አስገብቶት ነው። ቆንስጣንዮስ በደብዳቤው የአክሱምን ገዦች የሚጠራቸው ወንድሞች እያለ ነው። ሊቃውንት የአክሱምን ሐውልት የሚመድቡትም በዚያው በአራተኛው መቶ ዘመን ነው። የጥንቷ ሮማ ንጉሠ ነገሥት ወንድም ብሎ የጻፈላትን አገር፣ ወራሹ ነኝ ያለው ሰው ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ ገብቶ ሐውልቷን ወስዶ እርሱ በተከለበት ሜዳ ዳር ተከለው። ስለ ጥንቷ ሮማ ብቻ መስማት የሚፈልግ ጎብኚም ቢሆን ይህን መስማት ይገባዋል፤ ምክንያቱም ስለ ጥንቷ ሮማ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዚሁ ይነሣል፤ ሰው ከሩቅ አገር ገንዘቡን ከፍሎ የመጣው ቄሣሮችን ለማየት ነው፣ ስለ ሙሶሊኒ መስማት ከፈለገ ሌላ ጉብኝት ይግዛ ይባላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ማንም ያልጠየቀውን ትምህርት በግድ መቀበል የለበትም። መልሱን ግን የጥጦስ ቅስት ራሱ ይሰጣል። ይህ ቅስት ጥጦስ ኢየሩሳሌምን በ70 ያጠፋበትን ድል የሚዘክር ሲሆን የቆመው እርሱ በ81 ከሞተ በኋላ ነው። በመካከለኛው ዘመን ምሽግ ውስጥ ተገንብቶበት ጎኖቹ ፈርሰው ነበር። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ጁዜፔ ቫላዲየር የተባለው የሕንፃ ባለሙያ ፈትቶ መልሶ ሲገጥመው የጎደለውን በእብነ በረድ አልሞላውም። ትራቨርቲን በሚባለው ደብዘዝ ያለና ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ሞላው፤ ቅርጹን ሳያሳምር ቀለል አድርጎ ጠረበው። ዛሬ ጎብኚው አጠገቡ ቆሞ ጥንታዊው የት እንደሚያልቅ፣ የጥገናው ሥራ የት እንደሚጀምር በዓይኑ ይለያል። በኮሎሲየም በኩል ያለው ጽሑፍ የጥንቱ ነው፤ በፎረሙ በኩል ያለው ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 7ኛ ቅስቱን ማስጠገናቸውን ይናገራል። በጥገናው ምክንያት የቅስቱ ጥንታዊነት አልተቀነሰበትም፤ እንዲያውም የቀረውን አምነን እንድናየው አደረገን። ከአስጎብኚ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ስለ ሙሶሊኒ ንግግር እንዲያደርግ አይደለም፤ ይህ ድንጋይ የ81 ነው፣ ይህ የ1822 ነው፣ ይህ ገጽታ የ1932 ነው ብሎ እንዲለይ ነው።

በዚያው ቅስት ሆድ ውስጥ፣ በእጅ ሊነካ በሚመስል ቅርበት፣ የሮማ ወታደሮች ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን መቅረዝ፣ የመሥዋዕት ገበታውንና መለከቶቹን ተሸክመው ሲገቡ ተቀርጿል። የወታደሮቹ ጉልበት መታጠፉ፣ ሸክሙ ወደ ፊት ማዘንበሉ፣ በቀኝ በኩል የሚገቡበት በር መታየቱ ሁሉ ይለያል። የእስራኤል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1949 አርማውን ሲመርጥ የመቅረዙን ቅርጽ የወሰደው ከዚህ ነው፤ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተሰቦች ፓስፖርታቸው ላይ የሚያዩት ምስል ነው። አስጎብኚ ሁሉ ይህን ያሳያል፤ ምርኮን በአደባባይ ማሳየት የሮማ የድል ሥርዓት እንደ ነበርም ያስረዳል። እንግዲህ ስለ ሁለት ሺሕ ዓመት ምርኮ አሥር ደቂቃ ሰጥቶ፣ እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ ከዚያው ሥፍራ በእግር በሚደረስበት ርቀት ቆሞ ስለ ነበረ ምርኮ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለመስጠት በጊዜ እጥረት ሊመካኝ አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ነገሩ አልቋል የሚል ነው። ሐውልቱ ተመልሷል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? ይህን የሚሉ ኢትዮጵያውያንም ብዙ ናቸው፤ ቂም ማቆየት ለማንም አይበጅም ከሚል ቅን አሳብ ነው የሚነሡት። ሐውልቱ መመለሱ እውነት ነው፤ የመጀመሪያው ክፋይ ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. አክሱም ገባ፣ ተገጥሞ የተመረቀውም ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል አንቀጽ 37 የገባችው ግዴታ ከመስከረም 1928 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ነበር። አሥራ ስምንቱ ወር 58 ዓመት ሆነ። አስጎብኚ ሊናገረው የሚገባው አንዱ ይህ ነው። ሌላው ደግሞ ሐውልቱ በመሄዱ ምልክቱ ከዓይን ስለ ጠፋ መነገሩ ይበልጥ አስፈላጊ መሆኑ ነው። እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ ፖርታ ካፔና ላይ ያለፈ ሰው ይህ ምንድን ነው ብሎ ለመጠየቅ ምክንያት ነበረው። ዛሬ የለውም፤ ከቃል በቀር የሚያስታውሰው ነገር የለም። የጌጣ ቀዳዳዎች እንዲነበቡ የሚያደርጋቸው የሚያውቅ ሰው መኖሩ ነው።

አንዳንዶች ሐውልቱ ሲወሰድ አክሱም ላይ ወድቆና ተሰብሮ ነበር፣ ያቆሙት ኢጣሊያኖች ናቸው ይላሉ። ወድቆ ተሰብሮ እንደ ነበር ሐቅ ነው፤ መደበቅ የለብንም፣ አስጎብኚውም ይህን መዝለል የለበትም። ነገር ግን በወደቀበት ምድር ያለ ሐውልት የመቃብር ሥፍራ ምልክት ነው፤ ከሥሩ ያሉ መቃብሮችና ከጎኑ ያሉ ሐውልቶች ናቸው ትርጉም የሚሰጡት። ሮማ ላይ የቆመው ሐውልት ሙሉ ነበር፣ ትርጉሙ ግን የሌላ ሰው ድል ነበር። የኢጣሊያ አርኪዮሎጂስቶች ራሳቸው ዛሬ ለተማሪዎቻቸው አንድን ዕቃ ከተገኘበት አፈር ነጥሎ መውሰድ ግማሹን ዕውቀት ማጥፋት ነው ብለው ያስተምራሉ፤ ፎረም ውስጥ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ያየ ይህን አይጠራጠርም።

ሦስተኛውና ለእኛ ከባዱ ተቃውሞ ደግሞ እናንተስ የሚለው ነው። እውነት ነው፤ አክሱምም ኃያል መንግሥት ነበረች። በግሪክ፣ በሳባና በግዕዝ ተጽፈው የቆዩት የዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች የዘመተባቸውን ሕዝቦች፣ የማረከውን ሰውና ከብት በቁጥር ይዘረዝራሉ። የአክሱም አስጎብኚ ጽሑፉን ሲያሳይ ስለ ሦስቱ ፊደላት ብቻ ተናግሮ ስለ ምርኮኞቹ ዝም ካለ፣ የሮማው አስጎብኚ ያደረገውን እያደረገ ነው። ይህ ጥያቄያችንን አያፈርሰውም፣ ያሰፋዋል እንጂ። ሮማ ላይ የምንጠይቀውን አክሱም፣ ጎንደርና ሐረር ላይም መጠየቅ አለብን፤ የአንድ ቅጥር ግንብ ታሪክ ሲነገር ማን አሠራው ከሚለው ጋር ማን ተሸከመው የሚለው አብሮ ይነገር። ኮሎሲየምን በተመለከተ ሊቃውንት ለሥራው የወጣው ገንዘብ ከኢየሩሳሌም ምርኮ የመጣ ነው ብለው አንድ የድንጋይ ጽሑፍ መልሰው አንብበዋል፤ ያነበቡትም፣ ልክ እንደ ጌጣ ስም፣ በድንጋዩ ላይ በቀሩት የፊደል መያዣ ቀዳዳዎች ነው። ይህን የሚናገር አስጎብኚ ሮማን አላዋረደም፤ ጎብኚውንም አላስቀየመም።

የሚቀረው የንግዱ ጉዳይ ነው። አስጎብኚ ኑሮው ከደንበኛው እርካታ ጋር የተያያዘ ሠራተኛ ነው፤ አንድ ቡድን ሲጨርስ ሌላው በር ላይ ይጠብቀዋል፤ ደስ የማይል ነገር ተናገረ ተብሎ ዝቅተኛ ነጥብ ቢሰጠው የሚጎዳው እርሱ ነው። ይህን ማቃለል ግፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄውን ማንሣት ያለበት ደንበኛው ነው፤ በዚህም ላይ የማለዳው ጉብኝት ከሌላው ይልቅ ይመቻል። ቡድኑ ትንሽ ነው፣ ጥያቄ ይጠየቃል፣ መልስም ይሰማል። ካርታዎቹ ፊት ለመቆም ትኬት አያስፈልግም፤ በሕዝብ ጎዳና ላይ ናቸው፣ በሩ እስኪከፈት ባለው ጊዜ እንኳ ሊታዩ ይችላሉ። ፖርታ ካፔናም እንዲሁ። ከአሜሪካ፣ ከጀርመን ወይም ከስዊድን ተነሥተው ሮማን የሚጎበኙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጉብኝቱን ሲያዙ አምስተኛው ካርታ የነበረበትን ቦታና የሐውልቱን አደባባይ ያሳያሉ ወይ ብለው አስቀድመው ቢጠይቁ፣ አንድ ሁለት ጊዜ እንግዳ ይሆናል፤ ሲደጋገም ግን ከጉብኝቱ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ገበያ የሚሰማው ይህን ቋንቋ ነው።

ኢጣሊያ ውስጥም ይህን ሥራ የጀመሩ አሉ። ሶማሊያዊት-ኢጣሊያዊቷ ደራሲ ኢጂያባ ሼጎ እና ፎቶ አንሺው ሪኖ ቢያንኪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሮማ ኔጋታ በተባለው መጽሐፍ የቅኝ ግዛቱን አሻራ በከተማው ጎዳናዎች ላይ ተከትለው አሳይተዋል፤ ፖርታ ካፔና አንዱ ነው። ሌላው ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ለዓመታት ሲገናኙበት የኖሩት ይህ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር በወደቁት አምስት መቶ ያህል ወታደሮች ስም ነው። መታሰቢያቸውም የራምሴስ 2ኛ የግብፅ ሐውልት ነው፤ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ ከጎኑ ነው። ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ዘመን የቆመው በዚሁ መታሰቢያ አጠገብ ነበር፤ የአርበኛው የዘርዓይ ደረስ ስም የሚነሣውም በዚሁ ሥፍራ ነው። ሮማ ውስጥ ተወልደው ያደጉ፣ ጣሊያንኛውን እንደ አፍ መፍቻ የሚናገሩ፣ አማርኛና ትግርኛ የሚያውቁ ወጣቶች አሉን። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኢጣሊያ ሕግ የአስጎብኚነትን ፈተና አገር አቀፍ አድርጎታል፤ ፈቃዱን ያገኘ ሰው በመላው አገሪቱ ማስጎብኘት ይችላል። በሮማ ያሉ የማኅበረሰብ ማኅበራት ለዚህ ፈተና የሚዘጋጁ አምስትና ስድስት ወጣቶችን መርጠው የትምህርት ወጪያቸውን ቢሸፍኑ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በጥጦስ ቅስት የሚጀምርና ፖርታ ካፔና ላይ የሚያበቃ ጉብኝት በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ሊኖር ይችላል።